የጎርጠብ ቅባት፦ ከመስክ እስከ ብልቃጥ

ልጅ ሳለን ከብት ይዘን ወጥተን እግራችን ሳይቧጨር የምንመለስበት ቀን ጥቂት ነበር። አያቴ ደም ስታይ አትደናገጥም። ወደ ደጁ መስክ ጎንበስ ብላ ጠባብና ረጅም ቅጠል ትቀጥፋለች፤ በመዳፏ አሽታ ጭማቂው ሲወጣ ቁስሉ ላይ ትጫነዋለች። «ያዘው፣ እንዳትለቀው» ትለኛለች። ትንሽ ቆይቶ ደሙ ይቆማል። ያ ቅጠል ጎርጠብ ነው፤ በኦሮምኛ ቆርጦቢ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፕላንታጎ ላንሲዮላታ ይባላል።

ካደግሁ በኋላ ያንን ቅጠል በቅባት መልክ አዘጋጅቼ ዓመቱን ሙሉ ላቆየው ፈለግሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ተበላሸ። እርጥቡን ቅጠል ከትፌ ዘይት ውስጥ ነከርሁት፣ አጠለልሁት፣ ከሰም ጋር አቅልጬ ብልቃጥ ሞላሁ። በሦስተኛው ሳምንት ክዳኑን ስከፍተው ፊቱ ላይ ሻጋታ በቅሎ፣ ሽታው ኮምጥጦ አገኘሁት።

ስህተቱ የገባኝ እናቴ ቅቤ ስታነጥር አጠገቧ ቁጭ ባልሁበት ቀን ነው። ቅቤው ድስቱ ውስጥ ይንጣጣል፣ አረፋው ይነሣል። የሚንጣጣው ውሃው ነው። ለጋ ቅቤ ከ100 ግራሙ 16 ግራም ገደማው ውሃ ነው፤ ውሃው በእንፋሎት ወጥቶ ሲያልቅ ድምፁ ጸጥ ይላል፣ አረፋው ይወርዳል፣ ኮሰረቱና ኮረሪማው ከታች ይዘቅጣል፣ ቅቤውም እንደ መስተዋት ይጠራል። ከዚያ በኋላ ለወራት ቢቀመጥ አይበላሽም። ሻጋታም ሆነ ባክቴሪያ ውሃ ካላገኘ አይራባምና። እኔ ደግሞ ከቅጠሉ ጋር ብዙ ውሃ ብልቃጡ ውስጥ አስገብቼ ነበር። ቅቤ ማንጠር የለመደ ሰው የዚህን ሥራ ግማሽ ያውቀዋል፤ ቅመም ቅባት ውስጥ ማፍላት፣ ውሃውን ማስወጣት፣ ማጥለል፣ ማዝቀጥ ሁሉ እዚያው አለ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ጎርጠብ ውስጥ አውኩቢን የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ በላብራቶሪ ሙከራ ጀርሞችን ሲያዳክም ታይቷል። የሚያለዝብ ዝልግልግ ነገርና ቆዳን የሚያኮማትር ታኒንም አለው። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ በውሃ የሚሟሙ ናቸው፤ ዘይት ከእነሱ የሚወስደው ጥቂት ነው። ስለዚህ አያቴ በመዳፏ ያሸችው ቅጠልና እኔ በብልቃጥ የማስቀምጠው ቅባት አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። ቅባቱ ለደረቀ እጅ፣ ለተረከዝ ንቃቃት፣ በብርድ ለተሰነጠቀ ከንፈር፣ ለሻከረ ክርን ነው፤ ከሥራውም ትልቁን ድርሻ የሚሠሩት ዘይቱና ሰሙ ናቸው። በሽታ ያድናል ብሎ የሚሸጥልዎት ካለ አይመኑት።

ደረጃ 1፦ ተክሉን መለየት

ጎርጠብ በግጦሽ መሬት፣ በመንገድ ዳር፣ በእርሻ ጠርዝ፣ በአጥር ሥር ይበቅላል። ግንድ የለውም፤ ቅጠሎቹ ከአንድ ሥር ክብ ሠርተው ከመሬት ይወጣሉ። ቅጠሉ እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ሲሆን ከታች እስከ ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ከ3 እስከ 5 ጉልህ ጅማቶች አሉት። ከመካከሉ ቅጠል አልባ ቀጭን ዘንግ ይወጣል፤ ዘንጉን በጣት ሲዳስሱት ሸንተረር አለው። ጫፉ ላይ አጭር ቡናማ የአበባ ራስ ይቀመጣል፣ ሲያብብም ነጫጭ ነጠብጣብ እንደ ቀለበት ይከበዋል። የመጨረሻው ምልክት ልጆች የሚያውቁት ነው፦ ቅጠሉን በቀስታ ለሁለት ሲስቡት ጅማቶቹ እንደ ክር ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

እነዚህ ምልክቶች ሁሉ አንድ ላይ ካልተገኙ ቅጠሉን ይተዉት። በስም ብቻ መመካት አደገኛ ነው፤ አንዱ ወረዳ ለአንድ ተክል የሚሰጠውን ስም ሌላው ለሌላ ይሰጠዋል። ገበያ ላይ በስሙ ጠይቀው የገዙትን የደረቀ ቅጠል ደግሞ መለየት ስለማይቻል እኔ አልገዛም።

በውጭ አገር ለምትኖሩ፣ ይኸው ተክል በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሣር ሜዳ ላይ እንደ አረም ይበቅላል። ብዙዎቻችሁ በየቀኑ እየረገጣችሁት ታልፋላችሁ። የከተማ ሣር ግን የአረም ማጥፊያ ሊረጭበት ስለሚችል ከራሳችሁ ግቢ ወይም ታሪኩን ከምታውቁት መሬት ብቻ ልቀሙ።

ደረጃ 2፦ መልቀምና ማድረቅ

ጊዜው ጥቅምት ነው። በክረምት ቅጠሉ ለምለም ቢሆንም አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሳይደርቅ ይሻግታል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቆሟል፣ ነፋሱ ደረቅ ነው፣ መስኩም ገና አልጠወለገም። ጤዛው ከተነሣ በኋላ፣ ረፋድ ላይ ይልቀሙ። 200 ግራም ያህል እርጥብ ቅጠል ይበቃል፤ ሲደርቅ 30 ግራም ገደማ ይሆናል።

ከየት እንደሚለቅሙ ያስቡበት። ብዙ መኪና ከሚያልፍበት አስፋልት ዳር፣ ፀረ አረም ከተረጨ የጤፍ ወይም የስንዴ ማሳ አጠገብ፣ ከፋብሪካ ፍሳሽ በታች አይልቀሙ። አዲስ አበባ ውስጥ የአቃቂ ወንዝን ዳርቻ ጨርሶ ይተዉት። ጎርጠብ ከአፈር ውስጥ ከባድ ብረቶችን የሚስብ ተክል ነውና ቅጠሉ ለምለም መሆኑ ንጹሕ መሆኑን አያሳይም። ከአንድ ሥር ሁሉንም ቅጠል አይንቀሉ፤ ሁለት ሦስቱን ቀጥፈው ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

ቅጠሉን ባያጥቡት ይሻላል። አቧራ ካለው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ማጠብ ግድ ከሆነ አራግፈው በነጠላ ያድርቁት። ከዚያ ሰፌድ ላይ አንድ በአንድ፣ ሳይደራረብ ያስጡት። ጥላ ይሁን፣ ነፋስ ያግኘው። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቅጠል ይገረጣል። እየታሸ ወይም ተደራርቦ ቀስ ብሎ የደረቀ ጎርጠብ ደግሞ ይጠቁራል፤ አውኩቢኑ ሲበላሽ የሚመጣ ጥቁረት ነው። የጠቆረውን ለይተው ይጣሉ።

ከ4 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። መድረቁን በቅጠሉ ጠርዝ አይፍረዱ፤ ጠርዙ ቶሎ ይደርቃል፣ የመካከሉ ጅማት ግን ውሃ ይዞ ይቆያል። ጅማቱን ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። እኔ ከዚህ በላይ አንድ ፈተና እጨምራለሁ፦ ደርቋል ያልሁትን ቅጠል በንጹሕ ጠርሙስ ከድኜ ሁለት ቀን መስኮት አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። የጠርሙሱ ውስጥ ላብ ካላበው ቅጠሉ አልደረቀም፤ ወደ ሰፌዱ ይመለሳል። ያንን የተበላሸ ብልቃጥ ካየሁ ወዲህ ይህን ፈተና አልዘልም።

ደረጃ 3፦ ሰፈፉን ማጥራት

ሰም ፋርማሲ ወይም ሱቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ ጠጅ ቤት ይሂዱ። ጠጅ ጣዩዋ ማሩን ከነእንጀራው በውሃ ስትበጠብጠው ሰሙ ወደ ላይ ይሰፍፋል፣ እሱን ገፍፋ ታወጣዋለች። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፦ ሰፈፍ። ጧፍ የሚሠሩትም ሰማቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ሰፈፍ ነው።

ሰፈፍ ሲገዙ ቡናማና ሻካራ ቢሆን አይሥጉ፤ የንብ ክንፍና የእጭ ቅሪት ይወጣል። የሚያሠጋው ሞራ ወይም የሻማ ፓራፊን የተቀላቀለበት ነው። ጥሩ ሰም ማር ማር ይላል፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ሲሰብሩት ስብራቱ ፍርክስክስ ያለ ይሆናል። በጣት ሲያሹት ወዲያው የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ሞራ አለበት።

ማጥሪያው እንዲህ ነው። የማይዝግ ወይም ኢናሜል የተቀባ ድስት እስከ ግማሹ በውሃ ይሙሉ፤ የዝናብ ውሃ ካለ እሱ ይመረጣል፣ ጨው የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሰሙን እንደ ስፖንጅ ያደርገዋልና። ሰፈፉን ጨምረው በመጠነኛ እሳት ያቅልጡ። ሰም የሚቀልጠው በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ስለሆነ ውሃው መንተክተክ የለበትም። ሲቀልጥ በወፍራም ጨርቅ ወደ ሌላ ድስት ያጥልሉት፣ ከድነው ያሳድሩት። ጠዋት ሰሙ ከላይ እንደ ድፎ ክብ ሆኖ ረግቶ ያገኙታል። ገልብጠው ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላዋ ይፋቁ። ሁለቴ ወይም ሦስቴ ቢደግሙት ቡናማው ወደ ወርቃማ ይለወጣል።

የጠራው ሰም ራሱ በውስጡ ጠብታ ውሃ ይደብቃል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ያለ ውሃ፣ በደረቅ ጣሳ ያቅልጡት። ጣሳው በፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ይቀመጥ እንጂ እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድ። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ውሃው ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለውን ብቻ ቀድተው ያርጉት።

ሰም ይነድዳል። ከሰል ማንደጃም ሆነ ቡታጋዝ ላይ ጥለውት አይሂዱ፣ ልጆች አይጠጉ። ድንገት እሳት ከያዘው ውሃ አይርጩበት፤ የሚቃጠለው ሰም ይፈናጠርና ሰው ያቃጥላል። ክዳን ደፍተው እሳቱን ያጥፉ።

ደረጃ 4፦ ቅጠሉን በዘይት መዘፍዘፍ

ዘይቱ የሰሊጥ ይሁን፤ ያልተቆላ ሰሊጥ ተጨምቆ የወጣ። ሰሊጥ በተፈጥሮው ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያደርጉት ንጥረ ነገሮች አሉት። የወይራ ዘይትም ይሆናል። ኑግ ለወጥ የሚወደድ ዘይት ቢሆንም ለቅባት አይመችም፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይከረፋል። ተልባም እንደዚያው ነው። ለጋ ቅቤ ለምን አልጠቀምም ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ፤ ውሃና የወተት ቅሪት ስላለው ነው። በደንብ የተነጠረ፣ ቅመም ያልገባበት ቅቤ ግን ይሠራል፣ ሽታውን ከወደዱት።

30 ግራም ደረቅ ቅጠል በእጅዎ ሰባብረው በደረቅ ጠርሙስ ያድርጉና 250 ሚሊ ሊትር ዘይት ያፍስሱበት። ሙቀጫ ውስጥ አይውቀጡት፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ ማጥለል ያስቸግራል። ጠርሙሱን ከሥሩ ጨርቅ በተነጠፈ ድስት ውስጥ አቁመው እስከ ዘይቱ ቁመት ውሃ ይጨምሩ፤ በለስላሳ እሳት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያቆዩት። አፉን በክዳን አይጠርቅሙ፣ ስስ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት፤ የቀረች እርጥበት ካለች የምትወጣበት ታግኝ። ውሃው ሲያልቅ ቢጨምሩ ወደ ጠርሙሱ እንዳይረጭ ይጠንቀቁ።

ከፍታችን እዚህ ላይ ይረዳናል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ድስቱ ቢዘነጋ እንኳ ዘይቱ ከዚያ በላይ አይግልም፣ ውሃው እስካላለቀ ድረስ። ቢሆንም ዘይቱን በጣትዎ ቢነኩት የሚፋጅ ሳይሆን በደንብ የሞቀ እንዲሆን ነው የምንፈልገው፤ ቅጠሉ ከተጠበሰ ሽታው የተቃጠለ ጎመን ይሆናል። በመጨረሻ ዘይቱ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ የደረቀ ሣር ሽታ ይሸታል።

ጊዜ ያለው ሰው ያለ እሳት መሥራት ይችላል፦ ጠርሙሱን በወረቀት ጠቅልሎ ሙቅ ቦታ 4 ሳምንት ማቆየት፣ በየቀኑ መነቅነቅ። እኔ እሳቱን እመርጣለሁ።

ደረጃ 5፦ ማጥለልና ማዝቀጥ

ሞቅ እንዳለ በደረቅ ንጹሕ ሻሽ ያጥልሉት። መጀመሪያ በራሱ ይንጠብጠብ፤ ከዚያ ጨምቀው የሚወጣውን ለብቻ ይያዙ፣ ደለልም ውሃም የሚመጣው ከጭማቂው ነውና። ሌሊቱን ያሳድሩት። ጠዋት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ይያዙና ከሥር ይመልከቱ። ከታች ጭጋግ ወይም ክብ ክብ ጠብታ ከታየ ውሃ አለ ማለት ነው። ሳይነቀንቁ ከላይ ጥሩውን ይቅዱና የታችኛውን ይተዉ። 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ይተርፍዎታል።

ደረጃ 6፦ ማዋሃድና መሙላት

ለ200 ሚሊ ሊትር ዘይት 40 ግራም ሰም። ሚዛን የሌለው ሰው የቀለጠ ሰም 3 የሾርባ ማንኪያ ይለካ። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ሰመራ ያለ ሰው ወደ 50 ግራም ከፍ ያድርገው፣ አለዚያ ብልቃጡ ውስጥ ይፈስሳል። ደብረ ብርሃን ላይ 35 በቂ ነው።

ሰሙን በውሃ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ደረቅ ጣሳ አቅልጠው ዘይቱን ይጨምሩ። ቀዝቃዛው ዘይት ሲገባ ሰሙ ይረጋል፤ አይደንግጡ፣ እያማሰሉ ሲያቆዩት ተመልሶ ይቀልጣል። ከዚያ አንድ ጠብታ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርገው እስኪረጋ ይጠብቁና በጣት ይሞክሩት። ከጠነከረ ዘይት፣ ከላላ ሰም ይጨምሩ። ይህን ካደረጉ በኋላ ሰፋ ያለ አፍ ወዳላቸው፣ ታጥበው ወደ ደረቁ ትንንሽ ብልቃጦች ይቅዱ። ክዳኑን ሳይገጥሙ ስስ ጨርቅ አልብሰው ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ይተዉት። ትኩስ እያለ ከከደኑት እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፤ ያን ሁሉ ቀን ያባረርነው ውሃ በአንድ ደቂቃ ይመለሳል።

አጠቃቀም

መጀመሪያ በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ። ሰሊጥ ወይም የንብ ውጤት የማይስማማው ሰው አለ፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ ይታጠቡና ይተዉት።

ቅባቱ ራሱ ለቆዳ ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ ይዘጋል። ስለዚህ ጊዜው ከታጠቡ በኋላ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ነው። ማታ እግርዎን ለብ ባለ ውሃ ነክረው፣ በስሱ አባብሰው፣ ተረከዙን ይቀቡና ካልሲ አድርገው ይተኙ። የተረከዝ መሰንጠቅ በባዶ እግሩ ለሚሄድ ገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ የነበረው ብሪታንያዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ የሰየመው የእግር እብጠት ቀይ አፈር ባለበት ደጋ ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ ነው፤ ለታማሚዎቹ የሚመከረው እንክብካቤ እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስና ጫማ ማድረግ ነው። ይህ ቅባት ያንን በሽታ አያድንም፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ግን ያግዛል።

የማይቀባበትን ቦታ አጥብቄ እናገራለሁ። በአዲስ ቃጠሎ ላይ አይቀባም፤ ቃጠሎ 20 ደቂቃ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ይያዛል፣ ቅባት ሙቀቱን ያፍነዋል። በጥልቅ ቁስል፣ በእንስሳ ንክሻ፣ መግል በያዘ ቦታ ላይ አይቀባም፤ እነዚህ ጤና ጣቢያ ይፈልጋሉ። በአራስ ሕፃን እትብት ላይ ቅቤም ሆነ ይህ ቅባት ፈጽሞ አይደረግም፤ መንጋጋ ቆልፍና ሌላ ኢንፌክሽን የሚገባበት በር ነው። ቋቁቻ ላይም አይቀባ፤ ቋቁቻን የሚያመጣው ፈንገስ በቅባት የሚኖር ስለሆነ ይብስበታል።

ሌላ ቅጠል ልጨምርበት ለሚሉ፦ ጤና አዳም አይግባ። ቡና ላይ ቢጥምም ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ጥቁር ጠባሳም ይተዋል፤ የሎሚ ጭማቂም እንደዚያው ነው። የቁልቋል፣ የቅንጭብና የጦቢያው ወተት ዓይን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ነው። እሬት ለብቻው መልካም ነው፣ ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ከዚህ ቅባት ጋር አይስማማም። ለሽታ ሲባል ደረቅ ኮሰረት በቁንጥር ከጎርጠቡ ጋር መዘፍዘፍ ይቻላል፤ ለሕፃን ቆዳ ከሆነ ግን ይቅር።

አቀማመጥ

በብልቃጡ ላይ የተሠራበትን ወርና ዓመተ ምሕረት፣ የቅጠሉንና የዘይቱን ስም ይጻፉ። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይቆያል። በእርጥብ ጣት አይጥለቁበት፤ ደረቅ ማንኪያ ይኑረው። ያረጀ የኑግ ዘይት ሽታ ካመጣ ዘይቱ ከርፍቷልና ይጣሉት፤ ነጭም ይሁን አረንጓዴ ነጥብ ካዩ የላዩን ገፍፈው አይጠቀሙ፣ ሁሉንም ይጣሉ። በወሩ ከጠነከረብዎት ወይም ከፈሰሰብዎት ግን አልተበላሸም፤ ብልቃጡን በጣም በሞቀ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው እስኪቀልጥ ያሙቁት፣ የጎደለውን ዘይት ወይም ሰም ጨምረው እንደገና ያርጉት። የድስቱን ቅሪት ትኩስ እንዳለ በደረቅ ጋዜጣ ይጥረጉ እንጂ ወደ ቧንቧ አይድፉት፤ ሰም ቱቦ ውስጥ ሲረጋ ማውጣቱ ከባድ ነው።